የጾመው ማንጎ

ባሌ ኸሊፋ ሰው ሲያናግረው ካልገባው አይጠይቅም። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ስለሆነ ነው። ሀርጌሳ ከገባን ሰባት ዓመታችን ነው። እኔ በሰባት ዓመት ሶማልኛ ተምሬ፣ ገበያ ላይ ተከራክሬ፣ ተጣልቼም ታርቄም አውቃለሁ። እሱ የያዘው ሁለት ቃል ነው። አንዱ «ሃ» ሲሆን አዎ ማለት ነው፤ ሌላው «ዋያሃይ» ሲሆን እሺ ማለት ነው። ሰው እየሳቀ ካወራው ሃ ይላል፣ እየተቆጣ ካወራው ዋያሃይ ይላል። አንድ ጊዜ እኛ በምንኖርበት በዳሚ ሰፈር አንዲት ጎረቤታችን እናቷ መሞታቸውን ስትነግረው ፈገግ ብሎ ዋያሃይ አላት። ሶስቱን ቀን ሙሉ ለቅሶ ቤት ቁጭ ብዬ የእሱን ፈገግታ ያስተባበልኩት እኔ ነኝ። ለምን አትጠይቅም ስለው «ዝም አይነቅዝም» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ የነቀዝኩት እኔ ነኝ።

ሀገራችን ወሎ፣ ሀርቡ ሳለን ግን ኸሊፋ ሌላ ሰው ነበር። የችግኝ ጣቢያ ሰራተኛ ሆኖ አስራ ስድስት ዓመት ማንጎና ሎሚ ሲያፈላ ኖሯል። አፈር ቆንጥሮ በጣቶቹ ያሻል፣ ያሸታል፣ ከባሰም ይቀምሳል። ይህ ዋልካ ነው፣ ውሃ ይይዛል ይላል። ያኛው አሸዋ ይበዛዋል፣ የሰጡትን ሁሉ ያፈሳል ይላል። ሲያጨኝ ራሱ አባቴ ግቢ ገብቶ መጀመሪያ ያየው እኔን ሳይሆን የሎሚውን ስር ነው፤ እስካሁን አልረሳሁለትም። ታዲያ እዚህ ሀገር መጥቶ መሐመድ ሞጌ ሰፈር የሲሚንቶ ተሸካሚ ሆነ። ፎቅ በሚሰራበት ሁሉ እየዞረ ከረጢት በጀርባው ያወጣል። ሰባት ዓመት ሲያወጣ ወገቡ አለቀ። ከስራ ሲመለስ ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ ማለት አቅቶት እኔን ይጠራ ነበር፤ እኔም እየተሳደብኩ አወልቅለት ነበር። ብሳደብም ሆዴ ይቃጠል ነበር።

እኔ ስራዬ ልብስ ስፌት ነው። ሃያ ስድስት ጁን በሚባለው ሰፈር ኤዶ ሳህራ የሚባሉ ሴት መጋረጃ አሰፉኝ። ኤዶ ማለት አክስቴ እንደማለት ነው፤ ትልቅ ሴትን ሁሉም እንደዚያ ይጠራል። መጋረጃውን ልሰቅል ስሄድ ግቢያቸው መሀል አንድ የማንጎ ዛፍ አየሁ። ሱብሃነላህ፣ ምን የመሰለ ዛፍ! ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጥላው ግማሽ ግቢ የሸፈነ። ፍሬው እንዴት ነው ስላቸው ኤዶ ሳህራ አንገታቸውን ደፉ። የዛፉን ዘር ድሬዳዋ ልጆቻቸውን ካሳደጉበት ግቢ በመሀረብ ጠቅልለው አምጥተው ነው የተከሉት። አስራ ሁለት ዓመቱ ነው። በአስራ ሁለት ዓመት አንዲት አበባ እንኳ አላሳየም።

ልጃቸው ዋርሳሜ ዛፉ እንዲቆረጥ ይፈልጋል፤ በቦታው ለመኪናው ጋራዥ ሊሰራበት ነው። ዋርሳሜ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ አማርኛው ከእኔ ይበልጣል፤ እናቱ ግን ከሶማልኛ ሌላ አልለመዱም። እሱ ለሽማግሌውም ለህፃኑም ግን አንተ ነው የሚለው። እናትና ልጅ በዛፉ ጉዳይ ሁለት ዓመት ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ተስማሙ። እስከሚመጣው ኢድ ካበበ ይኖራል፤ ካላበበ ግን በኢዱ ማግስት ባለመጋዙ ይመጣል። እኔም አፌ አያርፍ፣ ባሌ የዛፍ ሀኪም ነው አልኩ። ኤዶ ሳህራ ደስ አላቸውና ኸሊፋ በአትክልተኛነት እንዲገባ፣ ዛፉ ከተረፈ በዚያው እንዲቀር ተነጋገርን። ዛፉ ከተቆረጠ ምኑን ይንከባከባል? ወደ ሲሚንቶው ነው የሚመለሰው።

የመጀመሪያ ቀን እኔው ወስጄ አስተረጎምኩለት። ኸሊፋ ዛፉን ሶስት ጊዜ ዞረው፣ አፈሩን አሸተተ፣ ፊቱ ሲበራ አየሁ። በሁለተኛው ቀን ግን እኔ የተማሪዎች ዩኒፎርም ተከምሮብኝ ብቻውን ሄደ። ጉዱ የፈላው ያኔ ነው።

ኤዶ ሳህራ አንድ ሰው መክሯቸው ኖሮ ኸሊፋን ጠርተው ዛፉ አዲስ አፈር ያስፈልገዋል አሉት። በሶማልኛ አፈር «ዒድ» ነው። ይህ ቃል ደግሞ በዚያው በሶማልኛ በዓሉንም ኢድን ነው የሚጠራው። ሰውየው ሙስሊም ነው፤ ከሁለቱ የሚያውቀው አንዱን ነው። እሳቸው ወደ ዛፉ እየጠቆሙ አፈር ይፈልጋል ሲሉት እሱ ዛፉ ኢድ ይፈልጋል ብሎ ሰማ። እንግዲህ እናንተ አሁኑኑ አወቃችሁ፤ እኔ ያወቅኩት ከሶስት ወር በኋላ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን፣ ኧረ ዛፍና ኢድ ምን አገናኛቸው ብሎ ይጠይቃል። የእኔ ባል ሃ አለ። ከዚያ ተቀምጦ አሰበበት። ኢድ የሚፈልግ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ይጾማል። ሳይጾም ኢድ የሚበላ ማን አለ? ወሩ ደግሞ ረጀብ መግቢያ ነበር። እኛ ሀገር አጥባቂ የሆነ ሰው ረጀብን፣ ሸዕባንን፣ ረመዳንን ሶስቱንም ወር አያይዞ ይጾማል። ዛፉም አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስላልጾመ ቀዳ፣ ያለፈውን ጾም መክፈል አለበት ብሎ ሶስቱንም ወር ውሃ ከለከለው። ቤት መጥቶ «ዛፉን አስጹሜዋለሁ» ሲለኝ የችግኝ ጣቢያ እውቀት መሰለኝ። እኔ የልብስ ስፌት እንጂ የዛፍ ነገር ምን አውቃለሁ?

ያን ዛፍ ውሃ መከልከል ደግሞ ቀላል አልነበረም። ይህ ከተማ ውሃ በቦቴና በአህያ ጋሪ የሚገዛበት ነው፤ ሰው ፊቱን የሚታጠበው በአንድ ኩባያ ነው። የኤዶ ሳህራ ማንጎ ግን በቀን ሁለት ጀሪካን ይጠጣ ነበር። የሩዝ እጣቢ ለእሱ፣ የውዱእ ውሃ ለእሱ፣ የሳህን እጥበት ለእሱ። እንግዳ ጠጥቶ የተረፈው ውሃ እንኳ ለእሱ ነበር። ኸሊፋ ይህን ሁሉ አቆመ። የእጣቢውን ውሃ ወደ በሩ የሚያወጣ ቦይ ቆፈረ። ለኤዶ ሳህራ ደግሞ ከሰፈር የለቀማትን ቃል ይዞ ዛፉ «ሶማን» ነው አላቸው፣ ጾመኛ ነው ማለቱ ነው። እሳቸው ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አዲሱ አፈር እስኪመጣ ስሩን ማድረቁ ነው ብለው ገመቱ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሁለቱ የሚያደርጉት ንግግር ቢቀረጽ ኖሮ ለሰርግ ማጫወቻ ይሆን ነበር። እሳቸው ዒዱ የት ደረሰ ይሉታል፣ አፈሩን ማለታቸው ነው። እሱ ከሚኒባስ ረዳቶች የሰማትን «ዶው» የምትል ቃል ያወጣል፤ ቅርብ ነው ማለት ነው። እሳቸው አልሃምዱሊላህ ይላሉ። እሱም አልሃምዱሊላህ ይላል። በማግስቱ እንደገና ዒዱስ ይሉታል። ኢንሻአላህ፣ ዶው። ሴትዮዋ አፈር የጫነ መኪና ይመጣል ብለው በር በሩን ያያሉ፤ እሱ ጨረቃ ይቆጥራል። ማታ ለእኔ ሲነግረኝ «ሃይማኖታቸው ምን ያህል የጠነከረ ነው፣ ኢድን ከሶስት ወር በፊት ጀምረው ይናፍቃሉ» ይለኛል። እኔም ማሻአላህ ብያለሁ፣ ምን ልበል።

ኤዶ ሳህራ ግን እጃቸው አላርፍ አለ። ዛፉ ሲጠማ ማየት አልቻሉም። ኸሊፋ ለሶላት ሲሄድ ጠብቀው በሻይ ማንቆርቆሪያ ውሃ ይዘው ስሩ ያፈሱለታል። አንድ ቀን ከመስጊድ ቶሎ ተመልሶ ያዛቸው። የሰባ ዓመት ሴት ማንቆርቆሪያ ከጀርባቸው ደብቀው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። መቆጣት በየትኛው ቋንቋው? ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ አላህ ያያል የሚል ምልክት አሳያቸው። እሳቸውም እንደጥፋተኛ ተማሪ ማንቆርቆሪያውን አስረከቡ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፣ ያን ዛፍ እያሳሳቀ የያዘው የእሳቸው ፍቅር እንደነበረ ያኔ ማንም አላወቀም።

ሸዕባን ሲጋመስ ዛፉ ተጎሳቆለ። እዚህ ሀገር ጂላል የሚሉት እንደእኛ በጋ ያለ ደረቅ ወቅት ነው፤ ነፋሱ አቧራ እንጂ ሌላ አያመጣም። የማንጎው ቅጠል ጫፍ ጫፉ ተጠቀለለ፣ አሮጌ አሮጌው ረገፈ። ዋርሳሜ ሜትር አውጥቶ የጋራዡን ስፋት መለካት ጀመረ። እየለካ ለኸሊፋ «አንተ እኮ መጋዝን ታስንቃለህ፣ በነፃ አደረቅክልኝ» አለው። ኸሊፋ ቤት ሲመጣ ምግቡን ትቶ ጣቶቹን ያያል። ተስፋ እንዳልቆረጠ ለማሳየት ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አለኝ። ይህ እንቁላል ከመሄዱ በፊት ይጠበሳል አልኩት። ብናገርም እንደገና የሲሚንቶ ከረጢት ተሸክሞ ያየሁት መሰለኝ።

በረመዳን ሃያ ሰባተኛው ቀን የኤዶ ሳህራን የኢድ ቀሚስ ሰፍቼ ወሰድኩ። ለኩ፣ ልክ ሆነ፣ መረቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ባልሽ ደግ ሰው ነው፣ ግን ያ አፈር የት ቀረ አሉኝ። የምን አፈር አልኳቸው። ሶስት ወር ሙሉ በየቀኑ ቅርብ ነው እያለ የሚነግረኝ አዲሱ አፈር ነዋ አሉ። ዒድ የምትለዋን ቃል ከአፋቸው ስሰማ ነገሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ገባኝ። ሳቄም መጣ፣ ቁጣዬም መጣ። ኢንሻአላህ ብዬ ወጣሁና ኸሊፋ ዛፉ ስር ተቀምጦ አገኘሁት።

ነገርኩት። እንዴት እንደነገርኩት አልደብቅም፤ አንተ ድንጋይ ብዬ ጀምሬ የሰባቱን ዓመት ሃ እና ዋያሃይ ሁሉ ዘረዘርኩለት። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ተነስቶ ድጅኖ አነሳና ከግንዱ ራቅ ብሎ መቆፈር ጀመረ። ጾመኛ ነው፣ ፀሐዩ ይፋጃል፣ ወገቡ የለም። አሁን አፈር ብትቀይር ምን ሊሆን፣ ኢድ ሶስት ቀን ቀረው እያልኩ ብጮህም አልሰማኝም። አንድ ክንድ ያህል እንደወረደ ድጅኖው ቃ አለ።

ጎንበስ ብለን አየን። ከአፈሩ ስር ነጭ ንጣፍ አለ፣ ኖራ የመሰለ፣ እንደሲሚንቶ የጠጠረ። ከላዩ ያለው አፈር ደግሞ ሶስት ወር ውሃ ሳያይ አሁንም እርጥብ ነው። ኸሊፋ ቆንጥሮ አሸተተው። እኔም አሸተትኩ፤ እንደሰነበተ ሊጥ ይኮመጥጣል። ያኔ ሀፍረቱን ረሳ። ሀርቡ ሳለ ችግኝ ሲያስጎበኝ እንደሚናገረው ቀና ብሎ መናገር ጀመረ።

እኛ ሀገር አፈሩ ዋልካ ነው አለኝ። በጋ ሲገባ ይሰነጠቃል፣ ስሩን ያስጨንቃል። ማንጎ ሲጨነቅ ነው የሚያብበው፤ የሞትኩ እንደሆን ዘር ልተው ብሎ። ውሃ እስካለው ድረስ ግን ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው። እዚህ ደግሞ ይህ ነጭ ድንጋይ ከስር እንደገበቴ ውሃውን አቁሮ ይዞታል፤ ከላይ ኤዶ ሳህራ ይጨምሩበታል። ጂላል አስራ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሲሄድ ይህ ዛፍ አልሰማም። ክረምቱ ያልወጣ መስሎት ነው የኖረው።

«ታዲያ ማስጾምህ ልክ ነበራ» አልኩት።

«ልክ ነበር። ግን እኔ አላወቅኩም። ሀኪም ነኝ ብዬ ገብቼ መድኃኒቱን ያገኘሁት በስህተት ነው» አለኝ። ድጅኖውን አንስቶ ንጣፉን ሁለት ቦታ ሸነቆረው፣ የታቆረው ወደታች እንዲሰርግ። ከዚያ ለኤዶ ሳህራ እውነቱን እነግራቸዋለሁ አለ።

ደሜ ፈላ። ዛፉ አላበበ፣ መጋዙ በኢድ ማግስት ይመጣል፤ አሁን ደግሞ ምንም አልገባኝም ነበር ብሎ ሊናገር! ለዛፉ ባይራሩ ለእውቀትህ ብለው ሌላ ስራ ይሰጡህ ይሆናል፣ ይቺን አንድ ቀን እንኳ ዝም በል አልኩት። ሰባት ዓመት ተናገር ስለው የኖርኩት ሴትዮ ዝም አይነቅዝም ብዬ ለመንኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። እሱ ግን አንዴ ቆርጦ ነበር። ትልቅ ሴት በየቀኑ ሲጠይቁኝ ቅርብ ነው እያልኩ ሸንግያቸዋለሁ፣ ይህን ተሸክሜ ኢድ አልሰግድም አለኝ።

የኢድ ጠዋት ከሶላት መልስ ሄድን። ኤዶ ሳህራ እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ ለብሰው፣ ዋርሳሜ ሽቶ ተርከፍክፎ ተቀምጠዋል። ኸሊፋ አልቀመጥም ብሎ ቆመና በአማርኛ ጀመረ። ዋርሳሜ ለእናቱ መተርጎም ያዘ። ዒድ ጋ ሲደርስ የዋርሳሜ ድምፅ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ረጀብና ሸዕባን ጋ ሲደርስ ሶፋው ላይ ወድቆ ሆዱን ያዘ። የቀረውን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፣ አንገቴን ደፍቼ። ሰውየው የነገሩት ሳይገባው አዎ ማለቱን፣ ሶስት ወር የማያውቀውን ነገር ቅርብ ነው ማለቱን፣ ይቅርታ መጠየቁን ነገርኳቸው።

ኤዶ ሳህራ አልሳቁም። ኸሊፋን ቀና ብለው እያዩ፣ እና በየጠዋቱ አፈሩን ስጠይቅህ አንተ ኢድ መቼ ነው የምልህ መስሎህ ነው አሉት። ይህን እኔ ሳልተረጉምለት ሃ አለ። በሰባት ዓመት ቦታዋን ያገኘች ሃ ያቺ ብቻ ነች። ሴትዮዋ ያን ጊዜ ሳቁ፣ በሻሻቸው ጫፍ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ።

ዋርሳሜ ግን ፊቱን ጠርጎ ሲያበቃ ቃል ቃል ነው አለ። ዛፉ አላበበም፣ ነገ ባለመጋዙ ይመጣል። ቅርንጫፉ ሲወድቅ የውሃውን ታንከር እንዳይመታው ልየው ብሎ ወደ ጣራ ወጣ። ኸሊፋ አንድም ቀን እዚያ ጣራ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ጣራው የጎረቤት ሴቶችን ግቢ ያሳያል፣ ተቀጣሪ ወንድ አይወጣም። ከታች ሆኖ የሚያየው ጥቅጥቅ ያለውን ቅጠል ብቻ ነበር።

ዋርሳሜ ከጣራው ላይ ሆኖ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «ኸሊፋ፣ እናቴን ይዘሃት ና» አለ።

ኤዶ ሳህራን በሁለት ወገን ደግፈን ደረጃውን ወጣን። የዛፉ አናት ከጣራው በላይ ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው እዚያ ነው። አናቱ በሙሉ አብቧል። ቢጫ የቀላቀለ ቀላ ያለ አበባ፣ ዘለላ በዘለላ፣ ንብ ወርሮታል። ኸሊፋ እጁን ዘርግቶ አንዱን ዘለላ ነካና መልሶ ሰበሰበ። ወላሂ እኔ በዚያ ሰዓት ስድቤን ሁሉ አጣሁት።

ኤዶ ሳህራ አበባውን አይተው አላበቁም። ዋርሳሜ፣ ይህ ሰው የማውቀው ነገር የለም ብሎ ራሱ መስክሯል፣ ዛፉ ይኑር፣ አትክልተኛ ግን ለምን ያስፈልገናል የሚል ነገር አጉረመረመ። እናትየው እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። እኔም የምናዘዘው አለ አሉ። ያንን ማንቆርቆሪያ ከተቀማሁ በኋላም በረመዳን ሁለት ጊዜ በኩባያ አፍስሻለሁ፤ ስደት ላይ ሳለሁ ልጆቼን ውሃ ሳላጠጣ ያደርኩበት ቀን አለ፣ የሚጠማ ነገር ማየት አልችልም፣ ነገም አፈሳለሁ አሉ። ከዚያ ወደ ኸሊፋ ዞረው የተናገሩትን ዋርሳሜ እያፈረ ተረጎመለት።

«ዛፉን ከሌላው አላህ ይጠብቀዋል። አንተ ከእኔ ጠብቀው። ስራህ ይህ ነው።»

ኸሊፋ ፊቱን ወደ ታንከሩ አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ያ ስንት ከረጢት የተሸከመ ትከሻ። ዋርሳሜ ስልኩን አውጥቶ ባለመጋዙን እንዳትመጣ ይለው ጀመር። እኔ ግን ጎረቤት ሁሉ በሚሰማበት ጣራ ላይ፣ ከእነሱ አንዱም በማይገባው አማርኛ፣ «ሲሚንቶ ቀረ» ብዬ ጮህኩ።